የወርቅ ሰዓት በሚዛን ብቻ አይሸጥም

የወርቅ ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ ሁለት ሰዎች ይደሰታሉ፤ አንደኛው ወርቅ ያለው፣ ሁለተኛው ማቅለጫ ያለው ነው። በዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ከ3,000 ዶላር፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ደግሞ ከ4,000 ዶላር በላይ መውጣቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በየሣጥኑና በየመሳቢያው ተቀምጦ የኖረው አሮጌ ወርቅ ወደ ሚዛን መምጣቱ የማይቀር ነው። ከሚመጣውም መካከል ቀለበት፣ አምባርና ሐብል ብቻ ሳይሆን የወርቅ የእጅ ሰዓትም ይገኝበታል። ነጋዴው ሰዓቱን ተቀብሎ ማሽኑን ያወጣል፣ ድንጋዩን ይነቅላል፣ የቀረውን ይመዝናል፣ ዋጋውንም ይናገራል። ሥራው ፈጣን፣ ሒሳቡም ግልጽ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። ከ1960 እስከ 1980 ባሉት ሃያ ዓመታት በጄኔቭና በለንደን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ተደርገው የተሠሩት የወርቅ ሰዓቶች የደረሰባቸው ዕጣ በቂ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓትና ጌጥ በቀላሉ የተጋቡ አይደሉም። ሰዓት ሠሪው ለመዘውሩና ለሞላው ስፍራ ይፈልጋል፤ አንጥረኛውም ለወርቁና ለድንጋዩ ስፍራ ይፈልጋል። ማሽኑ ወፍራም ከሆነ ሰዓቱ ጌጥነቱ ይቀርና በክንድ ላይ የታሰረ ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ የጌጥ ሰዓት ታሪክ የሚጀምረው ከአንጥረኛው ሳይሆን ማሽኑን ካሳነሰው ባለሙያ ነው። ዛሬ ዤገር ለኩልትር በሚል ስም የሚታወቀው የስዊስ ድርጅት በ1929 ቁጥር 101 የተባለውን ማሽን ሠራ፤ የዚህ ማሽን ክብደት 1 ግራም ያህል ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1953 በዘውድ በዓላቸው ቀን በክንዳቸው ያደረጉት ሰዓት ይህን ትንሽ ማሽን የያዘ ነበር። ሰዓቱ ከሩቅ የሚታይ የአልማዝ አምባር እንጂ ጊዜ መቍጠሪያ አይመስልም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ትልቁን እርምጃ ያራመደው በ1874 በስዊስ ዩራ ተራራ በላ ኮት ኦ ፌ መንደር የተቋቋመው የፒያዤ ቤት ነው። ይህ ቤት በ1957 ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ በእጅ የሚሞላ ማሽን ለገበያ አቀረበ፤ በ1960 ደግሞ ውፍረቱ 2.3 ሚሊሜትር የሆነ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ማሽን አስከተለ። ይህ የሚሊሜትር ጉዳይ ለተራ ሰው ከንቱ ክርክር ሊመስለው ይችላል፤ ለነጋዴ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው። ማሽኑ በሳሳ መጠን ከላዩ ለድንጋይ፣ ከዙሪያው ለወርቅ ቦታ ተገኘ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተለመደው የብረት ገጽ ፈንታ ከላፒስ ላዙሊ፣ ከማላካይት፣ ከጄድ፣ ከኦኒክስና ከኦፓል እጅግ ስስ ሆኖ የተቈረጠ ገጽ ያላቸው ሰዓቶች መሸጥ ጀመሩ። ድንጋዩ በጣም ስስ ስለሆነ በመቍረጥና በመብሳት ጊዜ የሚሰበረው ብዙ ነበር። ከእነዚህ ሰዓቶች አብዛኞቹ የቍጥር ምልክት እንኳ የላቸውም፤ ከማለዳ ጀምሮ ሰዓት ለሚቈጥረው ኢትዮጵያዊና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሚቈጥረው አውሮፓዊ እኩል ያገለግላሉ።

ስፍራው ከተገኘ በኋላ ሠዓልያንና አንጥረኞች ገቡበት። ዢልቤር አልቤር የተባለው የጄኔቭ ጌጥ ሠሪ ከ1955 እስከ 1962 ለፓቴክ ፊሊፕ በሠራበት ጊዜ የሰዓትን ክብና አራት ማዕዘን ቅርጽ ትቶ ጐኖቹ የማይተካከሉ ሰዓቶችን ነደፈ፤ በዘመኑ ከነበሩት ቀራጮችና ሠዓልያን አሳብ መውሰዱንም ሥራው ራሱ ይመሰክራል። በ1967 በለንደን የሚገኘው የካርቲዬ ቤት ክራሽ የተባለውን፣ ተጣምሞ የቀለጠ የሚመስለውን ሰዓት አወጣ። ይህ ሰዓት በመኪና አደጋ ከተቃጠለ ሰዓት የተቀዳ ነው የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ቈይቷል፤ እውነቱ ግን ዣን ዣክ ካርቲዬና ነዳፊው ሩፐርት ኤመርሰን አስበው፣ በወረቀት ላይ አስቀምጠው የፈጠሩት መሆኑ ነው። በሮም ያለው የቡልጋሪ ቤትም ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በክንድ ላይ እንደ እባብ የሚጠመጠም የወርቅ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ቴይለር በ1962 ክሊዮፓትራ በተባለው ፊልም ሥራ ላይ ሳለች አድርጋው በመታየቷ ዝናው በዓለም ተሰማ።

በ1969 ደግሞ ፒያዤ ባዝል በሚደረገው የሰዓት ትርዒት ላይ «ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ስም የሰጠውን ስብስብ አቀረበ። በዚያ ስብስብ ውስጥ የነበሩት ሰዓቶች ሰፋፊ የወርቅ አምባሮችና ከአንገት ላይ ወርደው የሚወዛወዙ ረጃጅም ሐብሎች ነበሩ፤ ሰዓቱ በመካከላቸው የተሰወረ ይመስል ነበር። በዚሁ ዓመት ኦሜጋ አንድሩ ግሪማ ለተባለው የለንደን ጌጥ ሠሪ ትእዛዝ ሰጠ። ግሪማ በ1921 በሮም የተወለደ፣ በመጀመሪያ መሐንዲስነትን የተማረ ሰው ነበር። በ1970 የታየው ስብስብ 55 ሰዓቶችን የያዘ ሲሆን፣ ጊዜው የሚነበበው በተራ መስተዋት ውስጥ ሳይሆን በተቈረጠ የከበረ ድንጋይ ውስጥ ነበር። ወርቁም ለስልሶ የተወለወለ አልነበረም፤ የዛፍ ቅርፊት፣ የድንጋይ ላይ ሽበት ወይም በረዶ የነካው ቅጠል ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ መዘርዘር ያስፈለገው ለወሬ አይደለም። እነዚህ ዕቃዎች ምን ያህል ሥራ እንደ ተሠራባቸው ሳይታወቅ ዋጋቸውን መናገር ስለማይቻል ነው። አንድ የወርቅ አምባር ያለው ሰዓት ወርቁ ወደ ሽቦ ተስቦ፣ ሽቦው ተጠምዝዞና ተቀጣጥሎ፣ እያንዳንዱ ማያያዣ በእጅ ተበይዶ፣ ላዩም በመርፌ በመሰለ መቅረጫ መስመር በመስመር ተፍቆ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንዲት ሰዓት በውስጧ አራት ነገሮችን ትይዛለች፤ ይኸውም ወርቅ፣ ድንጋይ፣ ማሽንና የእጅ ጥበብ ናቸው። ከአራቱ በሚዛን ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በዚህ ንግድ ላይ ሁለት ትላልቅ ፈተናዎች በአንድ ጊዜ ወደቁበት። አንደኛው ከጃፓን መጣ። ሴይኮ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 በቶኪዮ በባትሪና በኳርትዝ የሚሠራውን የእጅ ሰዓት በ450,000 የን ለገበያ አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኳርትዝ ሰዓት ዋጋ እየወረደ ሄዶ፣ በልክ ጊዜ በመቍጠር ረገድ ብዙ ሺህ የሚያወጣውን የስዊስ ሰዓት አስናቀው። በ1970 በስዊስ አገር በሰዓት ሥራ የሚተዳደረው ሠራተኛ 90,000 ያህል ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቍጥሩ ወደ 30,000 ግድም ወረደ። የስዊስ ፍራንክ ዋጋ መውጣቱም ለላኪዎቹ ተጨማሪ ሸክም ሆነባቸው።

ሁለተኛው ፈተና ከወርቁ ከራሱ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ኦገስት 15 ቀን 1971 ዶላርን በወርቅ መመንዘር እስኪተው ድረስ የአንድ አውንስ ይፋዊ ዋጋ 35 ዶላር ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 1980 በለንደን ገበያ የአንድ አውንስ ዋጋ 850 ዶላር ደረሰ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ በጣቱ ቈጥሮ ሊያውቀው ይችላል። 100 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት አምባር 75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው፤ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ ይህ 2.41 አውንስ ያህል ይሆናል። በ35 ዶላር ሒሳብ ወርቁ 84 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ850 ዶላር ሒሳብ ግን 2,050 ዶላር ግድም አወጣ። የአምባሩ መልክ ያው፣ ሠሪውም ያው፣ ክብደቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የገበያው ቃል ብቻ ነበር።

ሁለቱ ፈተናዎች በተገናኙበት ጊዜ የሆነው የሚያሳዝን ነው። ማሽኑ ከኳርትዝ ሰዓት ጋር ሲወዳደር ያረጀ ተባለ፤ ቅርጹም ፋሽኑ ያለፈበት ተባለ፤ ወርቁ ብቻ ውድ ሆነ። አሮጌ ሰዓት የሚገዛው ሰው የሚሰጠው ዋጋ ማቅለጫው ከሚሰጠው አነሰ። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ብዙ የወርቅ ሰዓቶች ከነአምባራቸው ቀለጡ። ማሽኖቹ ተነቅለው በየሣጥኑ ተጣሉ፣ በስንት ድካም የሳሳው የድንጋይ ገጽም ተሰበረ። አንጥረኛ ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ ሲፈስ ወርቁ በስፍራው ይገባል፤ ቅኔውም ከዚህ ተነሥቶ ሰምና ወርቅ ተባለ። በ1980 ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ወርቁ እንደ ሰም ፈሰሰ፣ በስፍራውም የገባ ነገር አልነበረም።

ያቀለጡት ሰዎች ሞኞች ነበሩ ማለት አይገባም። የነጋዴ ግዴታ ዕቃውን ወደ ገንዘብ መለወጥ ነው፤ ኪራይ፣ ግብርና የባንክ ዕዳ የሥነ ጥበብ ፍቅርን አይጠብቁም። ወርቅ በየትኛውም አገር ገዢ አለው፤ ቅርጽ ግን ገዢ የሚኖረው የሚወደው ሰው ሲገኝ ነው። የሚወደው ሰው መቼ እንደሚመጣም ማንም አያውቅም። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፣ በቀላሉም ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል።

የመጀመሪያው፣ የወርቅ ዋጋ ራሱ እንደ ፋሽን ወጪና ወራጅ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 1980 850 ዶላር የነበረው አውንስ በ1982 አጋማሽ ወደ 300 ዶላር ግድም ወርዷል። አቅልጦ ወርቁን በእጁ ያቈየ ሰው ጥበቡንም ወርቁንም በአንድ ላይ ከሰረ። ሰዓቱን ሳያቀልጥ ያቈየው ግን ወርቁ ቢወርድበት እንኳ ሦስቱ ሌሎች ነገሮች በእጁ ቀሩ።

ሁለተኛው፣ ያልቀለጡት ሰዓቶች ከጊዜ በኋላ ያገኙት ዋጋ ነው። በ1967 የተሠራ አንድ የለንደን ክራሽ ሰዓት በ2022 በሐራጅ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ይህ ሰዓት ትንሽ ነው፤ ማሰሪያውም ቆዳ እንጂ ወርቅ አይደለም። ወርቁ ለብቻው ቢመዘን ከተሸጠበት ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ኢምንት ነገር ነው። የቀረው ዋጋ ሁሉ የቅርጹ፣ የሠሪው ስምና የብርቅነቱ ነው። ዣክሊን ኬኔዲ ያደርጉት የነበረውን የጄድ ገጽ ያለው ሰዓትም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሠሪው ፒያዤ ራሱ ለቅርስ ስብስቡ ገዝቶታል። ሠሪው የሸጠውን ዕቃ መልሶ በብዙ ዋጋ ሲገዛ ማየት፣ ዕቃው ከቤቱ ሲወጣ ዋጋው እንዳላለቀ ያስረዳል።

ከዚህም በላይ ሰዓት ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዚያ ፈተና እንዴት እንደ ወጡ መመልከት ይጠቅማል። ፒያዤ በ1979፣ ወርቅ በየቀኑ በሚወጣበት ጊዜ፣ ፖሎ የተባለውን ሰዓትና አምባሩ አንድ ሆነው ከወርቅ የተሠሩ ሰዓት አወጣ፤ በውስጡም ያገባው ብዙዎች ጠላት ያሉትን የኳርትዝ ማሽን ነበር። ይኸው ሰዓት በ2024 ድርጅቱ 150ኛ ዓመቱን ባከበረበት ጊዜ በሜካኒክ ማሽን እንደገና ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጊዜን በልክ መቍጠር ማንም በርካሽ ሊሠራው የሚችል ነገር ሆኗል፤ ዓለም ሁሉ በእጅ ስልኩ ላይ ሰዓቱን ያያል። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ቅርጹና ስለ ሠሪው እጅ መክፈሉን አልተወም። የስዊስ የሰዓት ንግድ የዳነው በርካሹ ሰዓት ብዛት ብቻ ሳይሆን ይህን በመረዳቱም ነው።

እንግዲህ ዛሬ የወርቅ ዋጋ እንደገና ከፍ ባለበት ጊዜ፣ አሮጌ የወርቅ ሰዓት ወደ ሱቁ የሚመጣለት ነጋዴ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? አሮጌ ሰዓት ሁሉ ሀብት ነው ማለት ሐሰት ነው። ስሙ ያልታወቀ፣ ተራ ቅርጽ ያለው፣ ማሽኑ የተለወጠ ሰዓት ከወርቁ የበለጠ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ስሜት ሳይሆን ምርመራ ነው።

አንደኛ፣ ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። በስዊስ የተሠራ የ18 ካራት ሰዓት እስከ 1995 ድረስ የሄልቬስያ የሴት ራስ ምስል ታትሞበታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የቅዱስ በርናርድ ውሻ ራስ ምስል ይታተምበታል። 750 የሚለው ቍጥርም ከሺህ እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ማኅተም አማካይነት የወርቁ ጥራት ብቻ ሳይሆን የሰዓቱ ዘመንም በግምት ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ በገጹ፣ በቀፎውና በማሽኑ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን መመርመር ነው። በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላው ላይ ካልተገኘ፣ ሰዓቱ ከተለያዩ ዕቃዎች ተገጣጥሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጌጥ ሠሪዎቹ ማሽኑን ከሌላ የታወቀ ሰዓት ሠሪ የሚገዙበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ በማሽኑ ላይ ሌላ ስም መገኘቱ ብቻውን ማጭበርበር ነው አያሰኝም። እንዲህ ያለው ነገር ዕውቀት ያለው ሰው ሳይጠየቅ ሊፈረድበት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን አለመወልወል ነው። ባለሱቁ ለገዢው እንዲያብረቀርቅ በማሰብ ወርቁን ቢወለውለው፣ በመቅረጫ የተሠራውን የዛፍ ቅርፊትና የበረዶ መስመር በአንድ ቀን ያጠፋዋል። የጠፋው መስመር አይመለስም። እንደዚሁም ማሽኑ ቢቆም በርካሽ የባትሪ ማሽን መለወጥ የዕቃውን ዋጋ እስከ ግማሽና ከዚያም በታች ሊያወርደው ይችላል።

አራተኛ፣ ወረቀቱን መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ፣ የሰዓቱ ሣጥን፣ ሰዓቱን ያደርግ የነበረው ሰው ፎቶግራፍ፣ የጥገና ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው። ብዙ ታላላቅ ሰዓት ሠሪዎች የድሮ መዝገባቸውን ስለሚጠብቁ፣ በሰዓቱ ቍጥር መሠረት ሲጠየቁ መቼ እንደ ተሠራ ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው አሮጌ የስዊስ ሰዓት የሚገዛና የሚሸጠውን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ወርቅ ቤቶች ያለው ልማድ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ገዢው አምባር ሲገዛ የግራሙን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ይከፍላል፤ ያንኑ አምባር ሊሸጥ ሲመለስ ግን የሚከፈለው የግራሙ ብቻ ነው። የአንጥረኛው ድካም በሱቁ በር ላይ እንደ ጤዛ ይጠፋል። የአንጥረኛው ስምም በዕቃው ላይ ካልተጻፈ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራው ምን ያህል የተወደደ ቢሆን እንኳ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስም የሌለው ሥራ በሚዛን ከመመዘን በቀር ሌላ መለኪያ አይኖረውም። የጄኔቭና የለንደን ጌጥ ሠሪዎች ከማቅለጫ ያመለጡት ስማቸውን በሥራቸው ላይ በማተማቸውም ጭምር ነው።

የላኪዎች ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በወሎ በወገል ጤና አካባቢ በ2008 የተገኘው ኦፓል በአጭር ጊዜ ውስጥ በዓለም የድንጋይ ገበያ ስም አግኝቷል። በ1960ዎቹ ሰዓት ሠሪዎች በኦፓል የሠሩትን ያየ ሰው፣ ከአንድ ትንሽ ድንጋይ የሚወጣ ስስ ገጽ ሲቈረጥና ሲለሰልስ ከጥሬው ክብደት ይልቅ በሥራው እንደሚከበር ይረዳል። የወሎ ኦፓል ውሃ የመሳብ ጠባይ ያለው በመሆኑ፣ እርጥበት ሲገባበት መልኩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ለሰዓት ገጽ ወይም ለቀለበት የሚቀርበው ይህን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ አዘጋጅቶትና ለገዢው በግልጽ ተነግሮለት ሊሆን ይገባል። ድንጋይን በኪሎ የሚልክ ነጋዴ የኪሎ ዋጋ ያገኛል፤ ድንጋዩን አስቈርጦና ጠባዩን አስረድቶ የሚልክ ግን የሥራ ዋጋ ያገኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በነጋዴውና በንግድ ምክር ቤቱ ሊታሰቡ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ወርቅ ቤቶች በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ የወርቁን ክብደትና ካራት፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ የእጅ ዋጋውንና የሠሪውን ስም በተለያየ መስመር እንዲጽፉ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ለዘመናት የሚያገለግል ምስክር ይሆናል። ሁለተኛው፣ አንጥረኞች በሥራቸው ላይ የራሳቸውን ምልክት እንዲያትሙ፣ ምልክቶቹም በአንድ መዝገብ እንዲሰበሰቡ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ አሮጌ የጌጥ ሰዓትና ጌጣጌጥ ከመቅለጡ በፊት አይቶ ምክር የሚሰጥ፣ ከገዢም ከሻጭም ወገን ያልሆነ ገማች እንዲኖር ማበረታታት ነው። የገማቹ ዋጋ በየጊዜው ቢከፈል፣ በአንድ ጥሩ ሰዓት መዳን ብቻ ወጪውን ይመልሳል።

ምናልባት አንዳንድ ነጋዴ፣ «ደንበኛው ዛሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገማች እስኪመጣ አይጠብቅም» ይል ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃውን ከነወርቁ በዛሬው የሚዛን ዋጋ ገዝቶ፣ ሳያቀልጥ ጥቂት ሳምንት ማቈየት የሚችለው ነጋዴው ራሱ ነው። ከምርመራው በኋላ ዕቃው ተራ ሆኖ ቢገኝ ማቅለጫው የትም አይሄድም፤ ወርቁ ግን በዚያ መካከል ሊረክስ ስለሚችል ነጋዴው ይህን በሒሳቡ ሊያስገባ ይገባዋል። ዕቃው ልዩ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ትርፉ ከሚዛኑ ትርፍ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ትርፍ ላይ ለሻጩ ተገቢውን ድርሻ የሚሰጥ ነጋዴ፣ በገበያ ውስጥ ከወርቅ የሚበልጥ ስም ያተርፋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ለደንበኛው አስቀድሞ በግልጽ ሊነግረውና ውሉን በጽሑፍ ሊያደርገው ይገባል፤ በስውር የሚደረግ ደግነት ብዙ ጊዜ የክርክር መነሻ ይሆናልና።

ንግድ ሁልጊዜ የሚለካ ነገርን ይወዳል፤ ይህም ጥፋት አይደለም። ሚዛን ባይኖር ገበያ አይኖርም ነበር። ነገር ግን ሚዛን የሚነግረው በእጅ ያለው ዕቃ ምን ያህል ወርቅ እንዳለው ብቻ እንጂ፣ ዕቃው ምን እንደ ሆነ አይደለም። ወርቅ ከቀለጠ በኋላ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ የቀለጠ ሥራ ግን ሠሪው ከሞተ በኋላ የሚመልሰው የለም። አንድሩ ግሪማ በ2007፣ ዢልቤር አልቤርም በ2019 አርፈዋል። ከእጃቸው የወጣው ሥራ ቍጥር ከእንግዲህ ወዲህ አይጨምርም፤ የሚቀረው ወይ ባለበት መቈየት ወይ መቀነስ ነው። ብርቅ የሆነ ዕቃ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ማቅለጫውን ከመለኰሱ በፊት አጉሊ መነጽሩን ማንሣት ግን ለነጋዴው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።